የላዳ ቴስታታ ጓርኒሲዮን፦ የአድማጮች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ጥያቄ፦ ላዳ 2106 አለኝ። ሱቅ ስሄድ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በብሎኩ መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ሁለት ዓይነት ነው አሉኝ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ የ79ኙን። የ2101 እና የ2103 ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 76 ሚሊሜትር ነው፤ የ21011 እና የ2106 ደግሞ 79። በ79ኙ ላይ የ76ቱን ካስገባህ የብረት ቀለበቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ወጥቶ ይቃጠላል። ግን ላዳ ሞተሩ ስንቴ እንደተቀየረ ማን ያውቃል፤ ሊብሬውን ትተህ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ላይ የተመታውን ቁጥር እይ።

ጥያቄ፦ መካኒካችን ጓርኒሲዮኑን በሁለቱም ፊት ሲሊኮን ይቀባና ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ያጠብቃል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ሲሊኮን ለኮፓ (ከሞተሩ ሥር ላለው የዘይት መያዣ) ይሁን። እዚህ ግን ጓርኒሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ የተረፈውም ተጨምቆ የውሃና የዘይት መንገድ ይዘጋል። ደረቁን ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ የአሮጌውን ቅሪት አልሙኒየሙን በማይቧጥጥ ነገር አንሱ፤ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ ብናኙ ዘይት ውስጥ ይገባል። ቀጥ ያለ ብረት ቴስታታው ላይ አጋድማችሁ ከሥሩ 0.1 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ካለፈ፣ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስልጉት።

አሁን ስሙኝ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን አድርቁ! ታች የቀረ ውሃ ወይም ዘይት አይታመቅም፤ ቡሎኑ ሲጫነው ብሎኩን ይሰነጥቃል። መነጽር አድርጋችሁ በኮምፕሬሰር ንፉት። የቡሎኑን ጥርስ ዘይት አስነክታችሁ አንጠፍጥፉ። 10ሩን ትልልቅ ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር እያላችሁ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ 40 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ)፣ በሁለተኛው ዙር ከ96 እስከ 118። ትንሿ 11ኛ ቡሎን መጨረሻ ላይ፣ ከ31 እስከ 39 ብቻ። በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) እንጂ በክንድ አይደለም! "እጄ ያውቀዋል" የሚል ሰው ቱቦውን ሰክቶ ቡሎኑን ይስበዋል፤ የተሳበ ቡሎን ደግሞ አይጨብጥም። ከ120 ሚሊሜትር በላይ የረዘመውን ጣሉት።

ጥያቄ፦ መኪናው ከተነዳ በኋላ ቡሎኑ እንደገና ይጠበቃል?

መልስ፦ የጓርኒሲዮኑ አምራች ካዘዘ ብቻ፣ ሞተሩ በርዶ። በክንድ አይደለም፣ ብያለሁ! ከዚያ የቫልቩን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር አድርጉ።

ጥያቄ፦ ጓርኒሲዮኑ ከተቀየረ ወዲህ ራዲያተሩ ይፈላል፣ የዘይት መለኪያው ላይም ነጭ አረፋ አለ። እስከ ቅዳሜ ልሥራበት?

መልስ፦ አንድ ዙር እንኳ አትሥራ። ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማቀፊያ) ይበላዋል። የራዲያተሩን ክዳንም ትኩስ እያለ አትክፈት፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። የቡሎኑ ቀዳዳ ሳይደርቅ ታስሮ ብሎኩ ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል፤ ይህን በዓይን ማንም አይለየውም። የግፊት መፈተሻ ያለው ጋራዥ አስጎትተህ ውሰደው።