ካቻቢቴው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው።

ከእናንተ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ አይቋረጥም። «የነዳጅ መኪና ሙያህን ትተህ ወደ ኤሌክትሪክ እንዴት ገባህ? እኔስ ልግባ?» ትሉኛላችሁ። እስካሁን «ግቡ፣ ጊዜው ነው» ብዬ ነበር የማልፈው። አሁን ሳስበው ግን ያ መልስ አልበቃም፤ የተውኩትንና ይዤው የመጣሁትን በደንብ ሳልለይ የሰጠሁት መልስ ነው። ዛሬ እሱን ላውራችሁ።

ዲግሪዬን ያገኘሁት ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሙያውን ግን የተማርኩት ከአንድ አዛውንት መካኒክ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ ልበላቸው፤ ጋራዡ ውስጥም ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳሉ። ጫፉን ሞተሩ አካል ላይ ያሳርፉታል፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይደግፉታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛም ዝም። ከዚያ «የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው» ይላሉ፤ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት ማለት ነው። ሲፈታ ኩሽኔታው ነው። እኔ 11 ዓመት የደከምኩት ያን ጆሮ ለማግኘት ነው። ኋላ ላይ ሞተር ሲነሳ ሰምቼ ነዳጁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት የትኛው ካንዴላ እንደደከመ እስከ መገመት ደርሼ ነበር፤ ይህን ስል እየኮራሁ ነው።

ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የሰማነው ምሳ ላይ ሆነን ነው። እርግጥ ድንገተኛ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይዝ፣ ቫትና ሱር ታክስ ተነሥቶ፣ ጉምሩኩም ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለሚመጣው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ ተደርጎ ነበር። ምክንያቱም የሚገባ ነው። ነዳጁን የምንገዛው በዶላር ነው፣ መብራቱን የምናመነጨው ከራሳችን ውሃ ነው። ያን ቀን ግን እንደዚህ ሰፋ አድርጎ ያየው የለም። አንዱ ባልደረባችን «ያሉት መኪኖች ለሃያ ዓመት ይበቁናል» አለ። እውነቱን ነው፣ ዲኤክስ ኮሮላ ዛሬም ዳገት ትወጣለች። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሃያ ዓመት የሚበቃው ለእኔ ነው። ገና መፍቻ መያዝ ለጀመሩት ልጆችስ?

በዚያው ዓመት ኤሌክትሪክ መኪና አስመጥቶ ጥገናም ወደሚሰጥ ድርጅት ገባሁ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ዝምታው ነው። አንድ ሰፊ ጋራዥ ውስጥ ስምንት መኪና ቆሞ ምንም ድምፅ የለም። ቃሉም ተለወጠብኝ። እኛ ጋራዥ ውስጥ የምናወራው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ማርሽ መቀየሪያው ካምቢዮ፣ እሱን ከሞተሩ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ፣ ባሌስትራ። አያቶቻችን ከጣሊያን መካኒኮች ሰምተው አማርኛ ያደረጉት ቃል ነው። አዲሱ መኪና ላይ ካምቢዮ በምናውቀው መልኩ የለም፤ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ፍሪሲዮን የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ማርሚታ የለም። በምትኩ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚለውጠው ኢንቨርተር፣ ባትሪው የሚገነባበት ሞጁል፣ ሶፍትዌር። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ደግሞ ስክሪናቸው ላይ የሚጽፉት በቻይንኛ ነው። በስልክ ካሜራ እያስተረጎምኩ ነበር የምሠራው።

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። የድሮው መኪና ሊጎዳችሁ ሲል ያስጠነቅቃል፤ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ይጮኻል። 400 ቮልት የያዘ ባትሪ ግን አይናገርም። ምልክታችሁ ከፍተኛ ቮልቴጁ የሚያልፍበት ብርቱካንማ ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርዓት አለው። መኪናው ይጠፋል፣ የትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ኔጋቲቭ ይነቀላል፣ የከፍተኛ ቮልቴጁ ማቋረጫ ይወጣል፣ ማንም እንዳይመልሰው ይቆለፋል። ከዚያ ኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ አምራቹ ያለውን ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚያም በኋላ በጓንት ለክታችሁ ዜሮ ካላያችሁ አትነኩም። ብቻችሁንም አትሠሩም፣ ሰው አጠገባችሁ ይቆማል። መቸኮል የለመደ መካኒክ እዚህ ቦታ ላይ ባሕርዩን መለወጥ አለበት። ይህን አጠንክሬ የምናገረው በመንደር ጋራዥ ያለ ጓንት የሚከፍቱ ልጆችን ስላየሁ ነው። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ አትክፈቱ።

ያስደሰተኝን ደግሞ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲሠራ ባሕር ዳርቻ ከሚያወጣው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ዕድሜ ልካችንን ያሽከረከርነው ትንፋሽ ያጠረውን ሞተር ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። መጀመሪያ ቀን እንጦጦን ስወጣበት የማውቀው ዳገት አልመስልህ አለኝ። ቁልቁል ስወርድ ደግሞ ፍሬን ሳልነካ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፣ የያዘውንም ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። አናት ላይ 41 በመቶ ያየሁት የባትሪ ቁጥር ታች ስደርስ ጨምሮ ጠበቀኝ። መኪና ውስጥ ብቻዬን «ወይ ጉድ!» አልኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ገብቼ አምስት ወር ሳይሞላኝ ነው። አንድ አባት መኪናቸውን አመጡ። አዳማ ደርሰው መጥተዋል፤ ሲሄዱ ከባትሪው 18 በመቶ በላች፣ ሲመለሱ ግን ከ40 በመቶ በላይ። «ባትሪዋ ሞተች መሰለኝ ልጄ» አሉኝ። እኔም ኮምፒውተሩን ሰካሁና፣ ገና ሳልጨርስ፣ «ሴል ደክሞ ሊሆን ይችላል» አልኳቸው፤ ሴል ማለት ባትሪው ከብዙ ተደርድሮ የሚሠራበት ትንሹ ክፍል ነው። የባትሪ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ስንት እጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያን ቃል እንዲህ በቀላሉ አይናገርም። ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። ሁለት ቀን መኪናቸውን ያዝኩ። ሴሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የቮልት መቶኛ እንኳ አይሞላም። ጤነኛ ናቸው። ታዲያ ምንድን ነው?

በዚያው ሳምንት ለቅሶ ላይ ጋሼን አገኘኋቸው። ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሥራ ሲጠይቁኝ ነገሩን አነሳሁላቸው። እሳቸው ስለ ሴል አያውቁም። የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«ወዴት ሲሄዱ ነው ትንሹ የበቃቸው?»

«ናዝሬት።»

«ቁልቁል ነዋ! ሲመለሱስ ማን ነዳ? እንዴት ነዳ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቅሁት ኮምፒውተሩን ነው፤ ሰውየውን አልጠየቅኋቸውም። በነጋታው ደወልኩ። ሲሄዱ ራሳቸው ነድተዋል፣ በ80፣ እያወሩ። ሲመለሱ ልጃቸው ነው የነዳው፣ ሳይመሽ ለመግባት፣ በ120። ተቀምጬ አሰላሁት። ከአዳማ አዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ መውጣት አለ። ሰው የጫነች ሁለት ቶን ከሦስት መቶ ኪሎ መኪና ያን ያህል ከፍታ ስትወጣ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች፣ ስትወርድ ደግሞ ይኸው ከፍታ ራሱ ያግዛታል። የአየሩ ግፊትም ከፍጥነቱ ጋር በስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ከ80 ወደ 120 ሲኬድ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። ባትሪዋ ምንም አልሆነችም።

ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ሒሳቡን በወረቀት አሳየኋቸው። ልጃቸውም አብሮን ነበር።

እንግዲህ «ልግባ?» ለምትሉኝ የምለው ይህ ነው። ግቡ። ኤሌክትሪኩን ተማሩ፣ ቮልቴጁን ፍሩ፣ ኮምፒውተሩን ልመዱ፣ የሴል ኬሚስትሪ አንብቡ። ነገር ግን መኪናው ከመከፈቱ በፊት ሹፌሩን የመጠየቅ ልማዳችሁን ጋራዥ ትታችሁ እንዳትመጡ። እኔ ትቼው ነበር። አዲስ ሙያ ገባሁ ብዬ የድሮውን ሁሉ እንደ አሮጌ ቱታ አውልቄ ነበር የገባሁት።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እንደ ጋሼ ያሉት ናቸው። እኔ ባየሁት ሥልጠናው የሚሰጠው ለእኛ ለዲግሪ ባለቤቶች ነው፣ የምርመራ ሶፍትዌሩ ቁልፍ ያለው በአስመጪዎች እጅ ነው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው ከበር ይመለሳል። ይህ ልክ አይደለም። ድርጅቴን ለምኜ በወር አንድ ቅዳሜ ለሰፈር መካኒኮች በር እንድንከፍት አስፈቅጃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ መጡ። ለእጃቸው የሚሆን የመከላከያ ጓንት ገዝቼ ጠበቅኋቸው።

አንዲት መኪና ነበረችን፤ ቀስ ብላ ስትሄድ ቀጭን ጩኸት ታሰማለች፣ ኮምፒውተሩ ምንም ስህተት አያሳይም። ሊፍት ላይ ሰቀልናት። ከብርቱካንማው ገመድ ራቅ ያለውን፣ ማርሹ ያለበትን የአሉሚኒየም ቤት አሳየኋቸው። ጋሼ ከኮታቸው ውስጥ ያንን ካቻቢቴ አወጡ። ጎማዎቹን በቀስታ አዞርን። ጫፉን አሳረፉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋራዡ ሁሉ ጸጥ አለ።

ቆዩ፣ በጣም ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና «ይህን ድምፅ አላውቀውም» አሉ። «ደህናዋን አምጡልኝ፤ መጀመሪያ የጤነኛዋን ልስማ።»

አወረድናት፣ ጤነኛዋን ሰቀልን። ጋሼ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርገው ጠበቁ።