የትኛው ሆርሞን ነው ቁስል የሚያድነው?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ዛሬ ስለ ኢንሱሊን አላወራም፤ አብዛኞቻችሁ ስንት ዓመት የኖራችሁበት ነገር ነው። የማወራው በየስልካችን ስለሚዞረው «የእድገት ሆርሞን ቁስል ያሽራል» ስለሚባለው ወሬ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ወሬው ሁለት ነገር አደባልቋል። አንደኛው ራሱ የእድገት ሆርሞን ነው፤ ከአንጎላችን ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ወጥቶ በደም መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ድሮ የሚወሰደው ከሞቱ ሰዎች ዕጢ ነበር። በ1985 ያንን የተወጉ ወጣቶች አንጎልን በሚያጠፋ በሽታ መሞታቸው ሲታወቅ አሜሪካ ማከፋፈሉን አቆመች፤ በዚያው ዓመት በላቦራቶሪ የተመረተው ተፈቀደ። ዕጢያቸው በቂ ሆርሞን ለማያመነጭ ልጆች እስከ ዛሬ ትልቅ መድኃኒት ነው። ክፉኛ በተቃጠሉ ሕፃናት ላይም ለንቅለ ተከላ ቆዳ የተነሳበት ቦታ ቶሎ እንዲሽር ረድቷል።

ታዲያ ሕፃናቱን ከጠቀመ ጽኑ ሕሙማንንስ ለምን አይጠቅምም ተባለና አውሮፓ ውስጥ በ532 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ1999 ወጣ። ሆርሞኑን ከተወጉት መካከል የሞቱት ካልተወጉት እጥፍ ገደማ ሆኑ! በዚያ ላይ ይህ ሆርሞን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጂም አካባቢ የሚሸጥ ሰው ካለ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ለእናንተ አይሆንም።

ሁለተኛው «የእድገት ፋክተር» የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ የሚሠራው እዚያው ቁስሉ ላይ ነው። ቆዳችሁ ሲቆረጥ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ክፍሎች ደሙን ብቻ አያቆሙም፤ ፕሮቲን ይለቃሉ፣ ፕሮቲኑም እንደ ሠፈር ጥሩምባ ጠጋኝ ሴሎችን ይጠራል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ላይ ይህ ጥሪ ይደክማል። ቤካፕለርሚን የሚባለው ጄል እርሾ ውስጥ የተመረተ ያው ፕሮቲን ነው፤ አሜሪካ በ1997 ለስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል ፈቀደችው። ኩባ ደግሞ ሌላ ዓይነቱን፣ ሄበርፕሮት የሚባለውን፣ በመርፌ ቁስሉ ውስጥ ትወጋለች።

በዋናው ጥናት ቤካፕለርሚን ጄሉን ከተቀቡት ከየ100 ሰው የ50ው ቁስል በ20 ሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዳነ። መድኃኒት የሌለበት ጄል ከተቀቡትስ? የ35ቱ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ 35 ነው። የሞተው ሥጋ ተጠርጎላቸው፣ ቁስሉ በየቀኑ እየታሸገ፣ እግራቸውን ከመርገጥ አሳርፈው ነው የዳኑት፤ ጄሉን የተቀቡትም ቢሆኑ ይሄው ሁሉ ተደርጎላቸዋል። ጄሉ በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር እንጂ ይህን የሚተካ አይደለም። ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ላይም ተስፋ አይጣልበትም፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ ላይ ካንሰር ካለ ደግሞ ጭራሽ አይቀባም።

እንግዲህ ሐኪማችሁ ጋ ስትሄዱ ስለ ጄሉ ከመጠየቃችሁ በፊት «እግሬ በቂ ደም ያገኛል ወይ? ቁስሉ ላይ ጫና እንዳይኖር ምን ዓይነት ጫማ ላድርግ?» በሉት። አሁን ጫማና ካልሲያችሁን አውልቁ፤ ነርሶቹ ከወዲህኛው ረድፍ ጀምረው እግራችሁን ያያሉ፣ እኔም እዚሁ ስላለሁ ጥያቄ ያለው ይምጣ።