ከ«አይዞህ» በኋላ የሚመጣው ወረቀት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከድሬ ነው። ማራገቢያው ድምፅ ስለሚያስገባ ጠፍቷል፤ በመሃል ላብ ስጠርግ ዝም ካልኩ ታገሱኝ።

የዛሬው ጉዳይ ምስጋና ነው። ሊባረር ጫፍ የደረሰን የግቢ ተማሪ ይዘው ላስቀሩ መምህራን። በምርቃት ሰሞን ሁሉም «አይዞህ ላለኝ መምህሬ» ይላል። ይባል፣ ደግ ነው። ግን አይዞህማ የዶርም ጓደኛም ይላል። እነዚህ መምህራን ለየት የሚሉት አይዞህ ብለው ሲያበቁ ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣታቸው ነው።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው ሂሳብ ነው። አንድ ፍሬሽ በመጀመሪያው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ወስዶ አማካይ ውጤቱ (ጂፒኤው) 1.50 መጣ እንበል። ልጁ ልቡ ሻንጣው ላይ ነው። መምህሩ ያሰላል፦ 18 በ1.50፣ 27 ነጥብ። ቀጣዩ ሴሚስተርም 18 ክሬዲት ከሆነ በድምሩ 36 ነው፤ 2.00 ለመግባት 72 ነጥብ ያስፈልጋል። የጎደለው 45። ለ18 ሲካፈል 2.50 ይመጣል። ቢ 3፣ ሲ 2 ስለሚያዝ፣ ይኸውም ግማሹን ክሬዲት ቢ፣ ግማሹን ሲ ማለት ነው። «አለቀልኝ» ሲል የነበረው ልጅ አሁን የሚያወራው ስለ ዘጠኝ ክሬዲት ቢ ነው። የቱን ያንሳ? ባለ 4 ክሬዲቱን ከሲ ወደ ቢ ማሳደግ 4 ነጥብ ይጨምራል፤ ባለ 2 ክሬዲቱ 2 ብቻ። የተቸገረ ተማሪ ግን ከባዱን ስለሚፈራ ባለ 2 ክሬዲቱን ሲቸክል ያመሻል።

ቀጥሎ የፈተና ወረቀት። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው። ተማሪው ቢሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ «ቲቸር፣ ሦስት ማርክ ብቻ» ሊል ነው። ጥሩ መምህር ማርኩን አይጨምርም፤ ወረቀቱን ግን ይዘረጋዋል። ከ30 11 አምጥቷል፣ 19 ሄዷል። እያንዳንዱን የጠፋ ማርክ ከሦስት ቦታ ወደ አንዱ ያስገባሉ፦ ፈጽሞ ያላወቀው፣ ጥያቄውን ስላልተረዳ የሳተው፣ ጊዜ አልቆበት ወይም በመደመር መቀነስ የተበላሸ። 8፣ 6፣ 5 ሆነ እንበል። እንግዲህ 6 እና 5፣ 11 ማርክ የጠፋው የሚያውቀው ነገር ላይ ነው! አዲስ ምዕራፍ ሳያነብ ሊመልሰው ይችላል። ሁሉንም «ሰነፍ ነኝ» በሚል አንድ ከረጢት የጨመረ ልጅ ይህን ብቻውን አያየውም።

መሃለኛዋ፣ ጥያቄውን አለመረዳት፣ በኛ አካባቢ ክብደቷ ሌላ ነው። አንደኛ ደረጃን አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላዋ በሶማሊኛ፣ ሌላው በአማርኛ ተምሮ መጥቶ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይቀርባል። «ስቴት» ሲባል በአንድ መስመር መልሶ ማለፍ ሲገባው ግማሽ ገጽ ይሞላል፤ «ጀስቲፋይ» ሲባል ደግሞ ያለ ምክንያት መልሱን ብቻ ጥሎ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መምህሩ ተማሪው ጥያቄውን ጮክ ብሎ እንዲያነብና በቋንቋው ምን እንደተጠየቀ እንዲናገር ያደርጋል። አምስት ጥያቄ፣ አሥር ደቂቃ።

ያላወቀውስ? እሱ ሥሩ ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ማለፊያ ላላመጡት የተዘጋጀው የማካካሻ (ሪሜዲያል) ፕሮግራም የመጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። ካልኩለስ ላይ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የወደቀው ክፍልፋይ ማቃለል ላይ ነው። እዚያ ድረስ ወርዶ የ9ኛ ክፍል አልጀብራ የሚያስከልስ የዩኒቨርሲቲ መምህር ክብሩ አልተነካም፤ ለኔ እንዲያውም እዚያ ላይ ነው የሚጨምረው።

አንድ ነገር ለድሬና ለሐረር ላድላ። እዚህ «አንቱ» ብርቅ ነው፤ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው። ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ይደነግጣል። መምህሩን አንቱ ብሎ ያደገ ልጅ የቢሮ በር ማንኳኳት ይከብደዋል፣ ከሚድ (ከሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) በፊት ቢሮ የማይመጣው ለዚህም ነው። ይህ የገባው መምህር ልጁ ቢሮው እስኪመጣ አይጠብቅም፤ የመጀመሪያው ኩዊዝ እንደታረመ ራሱ «ነገ ና» ይላል። ከፋይናል በኋላ የመጣ ምክር ለቅሶ መድረስ ነው።

ስለ ጫት ደግሞ ሳናወራ ከድሬ አንወጣም። በምርቃና ሌሊቱ የነጋበት ልጅ ጠዋት ክፍል የለም፣ ቢኖርም እንቅልፍ ላይ ነው። ሰባኪ መምህር ይህን ልጅ ያጣዋል። ብልሁ ሰዓት ነው የሚያዛውረው፦ በጊዜ ተኛ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተህ እስከ 1 ሰዓት አንብብ። ሐረማያ ላሉት ብርዱ ይከብድ ይሆናል፤ ጋቢ ይልበሱ።

አንዳንዴ ደግሞ ማቆም ይሻላል። ታሞ ወይም ቤተሰብ ሞቶበት ፈተና የማይችል ተማሪ ዝም ብሎ አውቶቡስ ከተሳፈረ ችግር ነው፤ ያልተፈተነው ኤፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ለመመለስም ይቸገራል። ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ፣ አስፈርሞ፣ ክሊራንስ ጨርሶ፣ ቅጂውን ይዞ የሄደ ግን የሚመለስበት ወረቀት አለው። እጁን ይዞ ሬጅስትራር ድረስ የወሰደው መምህር ምን ያህል ዓመት እንዳተረፈለት ልጁ የሚገባው ቆይቶ ነው።

እና ምስጋናው። «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አትበሉ፤ መምህሩ በየዓመቱ ብዙ ልጅ ያያል፣ ማን እንደሆናችሁም ላይለይ ይችላል። ኮርሱንና ዓመተ ምሕረቱን ጥቀሱ፣ ያደረገላችሁን አንዷን ነገር ጻፉ፣ አሁን የት እንዳላችሁ ጨምሩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ቅጂውን ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ስጡ፤ የቢሮ በሩን ክፍት አድርጎ የሚያመሸው መምህር ሥራ ሪፖርት ላይ አይገባም፣ በጽሑፍ የሚያወጣለት ተማሪ ብቻ ነው። መደወል ከፈለጋችሁ ግን ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ተዉ፤ ድሬ ተኝታለች።