ድጋሚውን የማያየው ዳኛው ብቻ ነው
(የ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን እንዳበቃ በእግር ኳስ ዳኞች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አንጋፋ ዳኞቻችን፣ ታዛቢዎችና የጨዋታ ኮሚሽነሮች፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የ2013 የውድድር ዘመን ተጠናቋል። ፋሲል ከነማ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ጎንደር አስገብቷል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ኢትዮጵያ ቡና ሁለተኛ ሆኗል። ስለ ዋንጫው ሌላው ብዙ ብሎበታልና እኔ ወደ ራሳችን ጉዳይ ልግባ።

የ2012ቱ ሊግ በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ ዳኛውም እንደ ተጫዋቹ ወራት ያለ ጨዋታ ከርሞ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስንጀምር 13ቱ ክለቦች አንድ ላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ድሬዳዋ፣ በመጨረሻም ሐዋሳ ከተሙ። እኛም አብረን ዞርን። ባለሜዳና እንግዳ የሚባለው ነገር ስለቀረ በደጋፊ ጩኸት ተገፍቶ ፊሽካ ነፋ የሚለው ሐሜት በረድ ብሏል። በሌላ በኩል ግን ትናንት ቢጫ ያሳየኸውን ተጫዋች ዛሬ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምናልባት ያንኑ ቡድን ታጫውታለህ። ባዶ ሜዳ ላይ ከተጠባባቂ ወንበር የሚወረወር ቃል ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ድሮ ጩኸቱ ይሸፍንልን ነበር፤ አልሰማሁም ለማለት እንኳ ያመች ነበር!

ዋናው ለውጥ ግን ካሜራው ነው። የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ ደስ ያለን ብዙዎች ነን። እንደ አቡበከር ናስር ያለ አጥቂ 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር አገር በሙሉ አየ። ከእነዚያ ጎሎች መካከል ረዳት ዳኛው ከጨዋታ ውጪ አይደለም ብሎ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ በመያዙ ብቻ የጸደቁ እንዳሉ ልብ ያለ ግን ጥቂት ነው።

እስቲ ያንን ረዳት ዳኛ እናስበው። ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል እየሮጠ ነው። ኳሷ የተመታችው 30 ሜትር ርቀት ላይ፣ አጥቂው ያለው ደግሞ ፊቱ ላይ ነው። በአንድ ዐይን ሁለቱን በአንድ ቅጽበት መያዝ አለበት፤ ይወስናል፣ ይቀጥላል። ከዚያ ድጋሚ ምስሉ ይመጣል። ካሜራው ያለው መሀል ሜዳ አካባቢ ስለሆነ ተጫዋቾቹን የሚያሳየው በሰያፍ ነው፤ እኩል የቆመው የቀደመ፣ የቀደመውም እኩል የቆመ ይመስላል። ቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ሦስት ጊዜ አይቶ ይፈርዳል፣ ተንታኙ ያስረዳል፣ የተጎዳው ክለብ ይከስሳል። በውድድር ዘመኑ በእኛ ሊግ ቫር፣ ማለትም ዳኛውን በቪዲዮ ምስል የሚረዳው አሠራር፣ አልነበረም። እንግዲህ በሚሊዮን ፊት የተፈረደበትን ውሳኔ በዚያች ሰዓት ድጋሚ ማየት የማይችለው ራሱ ዳኛው ነው።

ስሕተት አልሠራንም እያልኩ አይደለም። ሳይገባ የተሰጡና ሲገባ የተከለከሉ ፍፁም ቅጣት ምቶች ነበሩ፤ ምስሉ አይዋሽልንም። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችን የራሳችንን ስሕተት የምናየው ሰው ስልካችን ላይ ሲልክልን፣ ያውም ከነስድቡ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ አለ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን በየአስተናጋጁ ከተማ፣ ከእያንዳንዱ የጨዋታ ሳምንት በኋላ፣ አከራካሪ ምስሎችን ዳኞቹ ራሳቸው ከታዛቢዎች ጋር ተቀምጠው ይዩ። ውሳኔውን የሰጠው ዳኛ መጀመሪያ ይናገር፤ የት ቆሞ እንደነበር፣ ምን እንዳየ ያስረዳ። ከዚያ ምስሉ ይከፈት። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ አደራ፤ ምስሉን አስቀድሞ ያየ ሰው ያየውን እንጂ የነበረውን አይናገርም። ይህ መድረክ ለዳኞች ነጥብ መስጫና ቅጣት መወሰኛ እንዳይሆን የሚል ስጋት ከወዲሁ ደርሶናል። ስጋቱ ተገቢ ነውና በውይይቱ ይነሣ።

በዚህ ዓመት የሚያኮራም አለን። ጥር ላይ ካሜሩን በተካሄደው ቻን፣ በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና፣ እኅታችን ሊዲያ ታፈሰ ናሚቢያና ታንዛኒያን በዋና ዳኝነት አጫውታለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በሚያዘጋጀው የአዋቂ ወንዶች የመጨረሻ ዙር ውድድር ላይ በዋና ዳኝነት ጨዋታ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ያን ፊሽካ በአገር ውስጥ የወንዶች ሊግ እንደሳለችው እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

የዛሬው አጀንዳ ሰፊ ነው፤ የሒሳብ ሪፖርቱም፣ የምርጫ ኮሚቴ ጉዳይም ይጠብቀናል። ጸሐፊያችን አጀንዳውን አንብበው ያስጸድቁልን ዘንድ እየጋበዝኩ ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።