«አንድ ዓመት ጠብቂ» ለሁሉም አይሠራም

ከ35 ዓመት በኋላ ልጅ ፈልገው ለዘገየባቸው አድማጮች የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት የሰጡት መልስ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ 37 ዓመቴ ነው። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል፤ የወር አበባዬ ከተስተካከለ ሰባት ወር ሆኖታል። እርግዝና ግን የለም። ጤና ጣቢያ ስሄድ «ገና ነው፣ አንድ ዓመት ጠብቂ» አሉኝ። ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። አንድ ዓመት የሚባለው ከ35 በታች ላለች ሴት ነው። 35 ካለፈ ስድስት ወር ተሞክሮ ካልሆነ ምርመራ ይጀመራል፤ 40 ላይ ደግሞ ወዲያው። መርፌው ከቆመም በኋላ ወራት እንደሚያቆይ እውነት ነው። የእርስዎ አበባ ግን ከተስተካከለ ሰባት ወር ሆኗል፤ አሁን በመርፌው ማሳበብ አይቻልም።

እዚያው ጤና ጣቢያ ይመለሱና ዕድሜዎን ራስዎ ያንሱ። ሁሉንም ምርመራ እዚያ አያገኙም፤ ከእነሱ በዋናነት የሚፈልጉት ሪፈር ነው። ሪፈሩ ላይ «መካንነት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋ እንዳትሰጥዎ። ምን ያህል ጊዜ እንደሞከሩ፣ ከዚህ በፊት አርግዘው ወይም ጽንስ ወርዶብዎት እንደሆነ፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም የማህፀን ኢንፌክሽን እንደነበረዎት ይስፈር። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ የመጣች ታካሚ ሆስፒታል ላይ ከዜሮ አትጀምርም።

ብዙ ሰው የሚንገላታው የምርመራውን ቀን ባለማወቅ ነው። አንዳንዱ የሆርሞን ምርመራ የሚሠራው አበባ በመጣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ነው። እንቁላል መውጣቱን የሚያሳየው ደግሞ ቀጣዩ አበባ ሊመጣ ሰባት ቀን ገደማ ሲቀረው። የማህፀን ቱቦ ክፍት መሆኑን የሚያሳየው ራጅ አበባው ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ ይነሳል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጥዎ የመጨረሻ አበባዎ መቼ እንደጀመረ ይናገሩ። አለዚያ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ መጥተው «ቀኑ አይደለም» ሊባሉ ይችላሉ። እስከዚያው በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይጀምሩ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ባለቤቴ 38 ዓመቷ ነው። ሐኪሙ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ብሏታል። እኔ ግን ከመጀመሪያ ትዳሬ የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ልጅ የሚመሰክረው ስለ ዛሬ 12 ዓመት ነው። ልጅ እምቢ ካላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ጉዳይም አለበት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ መርፌ የለው፣ ራጅ የለው። እርስዎ እስኪመረመሩ ባለቤትዎ ብቻዋን ከራጅ ራጅ ስትዞር ወራት ይሄዳሉ፤ በ38 ዓመት ወራት ውድ ናቸው።

ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ። የናሙናውን ዕቃ ከላብራቶሪው ይቀበሉ፤ ኮንዶም ወይም ሳሙና አይጠቀሙ። ናሙናውን ቤት ከወሰዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሰውነትዎ ላይ ሙቀቱን ጠብቀው ያድርሱ። ውጤቱ ደካማ ቢሆን አይደንግጡ። ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ የቅርብ ጊዜ ከባድ ትኩሳት እንኳ ያወርደዋል። ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ጂም ውስጥ ለጡንቻ የሚወጉት ቴስቶስቴሮን ካለ ግን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ዘር ማምረትን ሊያቆም ይችላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ 39 ዓመቴ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል ቀጥታ ሄጄ አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋሕደው ወደ ማህፀን የሚመለሱበት ሕክምና) ላሠራ?

መልስ፦ የጳውሎስ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል ነው። ሪፈርዎንና እስካሁን የሠሩትን ይዘው ይሂዱ። ግን አይ ቪ ኤፍ ለሁሉም አይደለም። አንዳንዷ የእንቅርት ሆርሞኗ ሲስተካከል፣ ሌላዋ እንቁላል የሚያስወጣ ክኒን ስትወስድ ታረግዛለች። ቱቦዎ በሁለቱም በኩል ከተዘጋ ግን ዋናው መንገድ አይ ቪ ኤፍ ነው፤ ጊዜም አያባክኑ። በራስዎ እንቁላል የሚሠራ አይ ቪ ኤፍም ቢሆን የእንቁላሉን ዕድሜ አይመልስም።

የመንግሥት ነው ማለት ሁሉም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ካለ አስቀድመው ይጠይቁ። እንቁላል የሚያስወጣውን ክኒን፣ ክሎሚፊንን ደግሞ ጎረቤት ስለነገረችዎ ብቻ ከፋርማሲ ገዝተው አይዋጡ። የራጁን ፊልም አይጣሉ፤ ጽሑፉን ብቻ ይዘው ሲመጡ «ይደገም» የሚል ሐኪም አይጠፋም።