«ከ1800 በታች» ምድብ ውስጥ ያለው ገንዘብ የማን ነው? ሽልማት፣ ምድብና ሳንድባጊንግ በቼዝ ኦፕን ውድድሮች

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ቼዝ ገንዘብ። መክፈቻና ታክቲክ የፈለገ ያለፉትን ቪዲዮዎች ይመልከት፤ ዛሬ ሽልማቱ ላይ ነን።

ፊላደልፊያ እንሂድ። በየዓመቱ በጁላይ 4 በዓል አካባቢ የሚካሄደው ወርልድ ኦፕን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከላይ ኦፕን የሚባለው ምድብ አለ፣ ግራንድ ማስተሮቹ የሚጫወቱበት። ከሱ በታች በሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋቹን አቅም በሚያሳየው ቁጥር፣ ከ2200 በታች፣ ከ2000 በታች፣ ከ1800 በታች፣ ከ1600 በታች እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱ ምድብ የራሱ ድልድል፣ የራሱ አሸናፊ፣ የራሱ ገንዘብ አለው። የራሱ ገንዘብ! ይቺን ያዙልኝ፣ የዛሬው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከሷ ነው።

ምድቡ ለምን አስፈለገ? ይሄን ለማስረዳት ከእግር ኳስ የተሻለ ነገር የለም። ከ17 ዓመት በታች ውድድርን አስቡ። ሃያ ዓመት የሞላው፣ ጢሙን ተላጭቶ የመጣ ተከላካይ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር ሜዳ ገባ። ኳሱን ይወስዳል፣ ልጆቹን በትከሻው ገፍቶ ያልፋል፣ ዋንጫውን ያነሳል። የሚጎዳው ማን ነው? ያ በእውነት አሥራ አምስት ዓመቱ የሆነ፣ ሲለማመድ የከረመ፣ ተራው የሱ የነበረ ልጅ ነው። ፊፋ ይሄን ለማስቆም እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር ጀመረ። አጥንት አይዋሽም። የልደት ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፣ አጥንት ግን አይዋሽም።

ቼዝ ላይስ? ቼዝ ላይ አጥንት የለም፣ ሬቲንግ ነው ያለው። ዕድሜ ደግሞ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ማንም ሰው ቅዳሜ ሃያ ዓመቱ ሆኖ እሑድ አሥራ ስድስት አይሆንም። ሬቲንግ ግን ይወርዳል። ተሸነፍክ? ወረደ። ሆን ብለህ ተሸነፍክ? እሱም ያው ወረደ። ቁጥሩ ለምን እንደተሸነፍክ አይጠይቅም። ስለዚህ የ1900 ተጫዋች ትንንሽ ውድድሮች ላይ እየተሸነፈ ወርዶ፣ ትልቅ ገንዘብ ያለበት ዝቅተኛ ምድብ ገብቶ ሊጠራርግ ይችላል። ሳንድባጊንግ የሚባለው ይሄ ነው።

ሒሳቡን ቶሎ እንለፈው፣ ኢሎን (ከሬቲንግ ልዩነት ተነስቶ ውጤት የሚገመትበትን ቀመር) ታውቁታላችሁ። 200 ነጥብ ልዩነት ካለ ጠንካራው ከአንድ ጨዋታ የሚጠበቅለት 0.76 ነጥብ ነው (ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ)። 400 ሲሆን 0.91። እውነተኛ አቅሙ 1900 የሆነ ሰው ከ1600 በታች ገብቶ አማካይ 1500 ከሆኑ ሰዎች ጋር 9 ዙር ቢጫወት፣ 9 ሲባዛ በ0.91፣ ከ8 ነጥብ በላይ ይጠበቅለታል። 8 ከ9 ብዙ ጊዜ አንደኛነቱን ይወስዳል ወይም ይጋራል። በነጥብ እኩል የጨረሱ ሰዎች ሽልማታቸው ተደምሮ እኩል ይካፈላል፦ 3,000፣ 1,500 እና 900 ዶላር ላይ ሦስት ሰው እኩል ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ 1,800 ይደርሰዋል። ይቺን 1,800 አትርሷት፣ ትመለሳለች።

(ስክሪን ላይ፦ የሬቲንግ ወለል)

አሁን መከላከያው። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን የሬቲንግ ወለል የሚባል ነገር አለው። 26 ጨዋታና ከዚያ በላይ ተጫውታችሁ ሬቲንጋችሁ ከጸና በኋላ የደረሳችሁበት ከፍተኛ ቁጥር ይወሰዳል፣ 200 ይቀነሳል፣ ከዚያ ወደ ታችኛው መቶ ይጠጋል። ምሳሌ፦ ከፍተኛው 1968 የሆነ ሰው፣ ሲቀነስ 1768፣ ወለሉ 1700። ከዚህ ወዲያ መቶ ጨዋታ በተከታታይ ቢሸነፍም ከ1700 አይወርድም። ከ1600 በታች የሚባለው ምድብ ለዚህ ሰው ተዘግቷል ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ፣ ከ1800 በታች አልተዘጋም። አንድ ምድብ መውረድ ይችላል። ስንት ያስወጣዋል? ከ1968 ተነስቶ ከ1800 በታች ለመግባት ወደ 170 ነጥብ ማጣት አለበት። በዚህ ከፍታ እኩያው በሆነ ሰው ሲሸነፍ ከ12 እስከ 15 ነጥብ ገደማ ይቀነስበታል። ስለዚህ ወደ 13 ሽንፈት ያስፈልገዋል። አራት ዙር ባላቸው የቅዳሜ ውድድሮች ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መሸነፍና አራተኛውን መጀመር ነው፣ የመመዝገቢያ ክፍያውን ከኪሱ እያወጣ። ከጓደኛው ጋር ቤት ቁጭ ብሎ የአንድ ለአንድ ግጥሚያ እያስመዘገበ እንዳይወርድ ደግሞ ያም ተገድቧል፦ ሁለቱም የጸና ሬቲንግ ሊኖራቸው፣ ልዩነታቸው ከ400 ሊያልፍ አይችልም፤ በአንድ ግጥሚያ ከ50 ነጥብ በላይ ለውጥ አይመዘገብም።

ይሄን ሁሉ አልፎ ከ1800 በታች ቢያሸንፍስ? ሁለተኛው ወለል ይመጣል፣ የገንዘብ ወለል። በዚያ ምድብ ከ2,000 ዶላር በላይ ካገኘ ወለሉ 1800 ይሆናል። ያ ምድብ ለዘለዓለም ተዘጋበት። ከአንድ ጊዜ በላይ አይሠራም። ነገር ግን ያቺን 1,800 አስታወሳችሁ? አንደኝነቱን ለሦስት የተካፈለ ሰው 2,000 አልደረሰም፣ ወለሉም አልተነካም። ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው፣ በእኔ እምነት መደፈን ያለበትም ይሄ ቀዳዳ ነው። ያገኘው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ያስመዘገበው ውጤት መታየት አለበት።

እዚህ ጋ ልቁም። ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉት ነገር አለ፣ ሳልመልሰው አላልፍም። «ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ልጅ ከ1400 በታች ገብቶ ሁሉንም አሸነፈ፣ ይሄ ሳንድባገር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ቤተሰብ፣ አይደለም። በፍጹም አይደለም። ይሄን ነገር ረጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ንጹሕ ልጅ ላይ ስም እየተለጠፈ ነው።

ሬቲንግ ያለፈውን ነው የሚናገረው። ልጁ በየቀኑ ኦንላይን ይጫወታል፣ አሠልጣኝ አለው፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ በወር ግን አንድ ውድድር ብቻ ነው የሚሄደው። የኦንላይን ሬቲንጉ ከፌዴሬሽኑ ሬቲንግ ጋር አይገናኝም። ለምዝገባ የሚታየው ደግሞ በየወሩ የሚወጣው ይፋዊ ቁጥር ነው። ስለዚህ አቅሙ 1700 ሆኖ ወረቀቱ 1350 ሊል ይችላል። ከ1300 ተጫዋች ጋር ሲቀመጥ የሚጠበቅለት ምን ያህል ነው? ያው 0.91! ከሳንድባገሩ ጋር አንድ ዓይነት ውጤት። ከውጤቱ ብቻ ተነስታችሁ ሁለቱን ልትለዩዋቸው አትችሉም።

በምን ይለያሉ? በታሪካቸው። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ድረ ገጽ ላይ የማንኛውም አባል የውድድር ታሪክ ክፍት ነው። የልጁን ክፈቱ፦ 900፣ 1080፣ 1210፣ 1350፣ መስመሩ ወደ ላይ ብቻ ነው። የአጭበርባሪው መስመር ደግሞ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ያ ብቻ አይደለም፣ የወረደበትን ቦታ ተመልከቱ። ትልቅ ሽልማት ያለበት ውድድር ላይ 7 ከ9፣ 8 ከ9 ያገኛል። መመዝገቢያው ርካሽ የሆነ የክለብ ውድድር ላይ ደግሞ 0 ከ4፣ በ300 ነጥብ በሚበልጣቸው ሰዎች ተሸንፎ። ከዚያ በወሩ ትልቁ ውድድር ላይ ብቅ ይላል። ይሄ ሲደጋገም ነው የሚያጠራጥረው። አንድ ጊዜ የወረደ ሰው ግን ታሞ ይሆናል፣ ልጅ ወልዶ ይሆናል፣ ዕድሜው ገፍቶ ይሆናል። እሱን አትንኩት።

እዚህ ድረስ ካያችሁ ላይክና ሰብስክራይብ እንዳትረሱ፣ የውድድር ታሪክ እንዴት እንደሚነበብ ራሱን የቻለ ቪዲዮ እየመጣ ነው።

ታዲያ ዝቅተኛ ምድብ ላይ ይሄን ያህል ገንዘብ ለምን ይቀመጣል? ክፍያውን የሚሸፍነው አማተሩ ስለሆነ ነው። 100 ሰው 150 ዶላር ቢከፍል 15,000 ነው፤ ከፋዩ ደግሞ «ለኔስ ምን አለኝ?» ይላል፣ ልክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ላስ ቬጋስ ላይ ሞሪስ አሽሊና ኤሚ ሊ ያዘጋጁት ሚሊየነር ቼስ ይሄን እስከ ጫፍ ወሰደው፦ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት፣ መመዝገቢያው ብቻ 1,000 ዶላር፣ ዋናውን ምድብ ዌስሊ ሶ አሸንፎ 100,000 ወሰደ። ሦስት ጊዜ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. ከ2016 በኋላ ቀረ። በሌላ በኩል የአይስላንዱን ሬይካቪክ ኦፕን እዩ፣ ግራንድ ማስተሩም ጀማሪውም አንድ ምድብ ውስጥ ነው የሚደለደለው። እዚያ ሬቲንጉን ያወረደ ሰው ደካማ ተጫዋቾች ብቻ ያሉበት ምድብ አያገኝም። እኔ የማደላው ወደዚህ ነው፦ ዝቅተኛ ምድብ ካስፈለገ አንደኛው ብቻ ብዙ ከሚወስድ፣ ገንዘቡ ለብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ቢከፋፈል ይሻላል።

አሁን ከአዲስ አበባ አዲስ ለመጣችሁ። የአሜሪካ ሬቲንግ የላችሁም ማለት ሬቲንግ የላችሁም ማለት አይደለም። የፊዴ (የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን) ሬቲንግ ካላችሁ ስትመዘገቡ ተናገሩ። ትልልቆቹ ውድድሮች የውጭ ሬቲንግ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ፣ የደበቀ ሰው ሽልማቱን ሊያጣ ይችላል። ቁጥሩንም አድሱት፦ ፊዴ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ከ2000 በታች ያለውን ሁሉ ከፍ አድርጓል። ከ2000 የጎደለው በ0.4 ይባዛል፣ በነበረው ላይ ይደመራል። 1560 የነበረ 1736 ሆኗል። የድሮ ቁጥሩን ይዞ «ከ1600 በታች ይገባኛል» የሚል ሰው ሳያውቅ ችግር ውስጥ ይገባል። ምንም ሬቲንግ የሌለው ደግሞ ዝቅተኛ ምድብ ቢያሸንፍ እንኳ የሚከፈለው ጣሪያ አለው፤ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

ተጋጣሚያችሁን ከጠረጠራችሁስ? ሰሌዳው ላይ አትጨቃጨቁ፣ ፌስቡክ ላይም ስም አትለጥፉ። የውድድር ታሪኩን ከፍታችሁ፣ የወረደባቸውን ውድድሮች ቀን ጽፋችሁ፣ ሽልማት ከመከፈሉ በፊት ለዋና ዳኛው ስጡ። ሬቲንግ ለማውረድ ሆን ብሎ መሸነፍ የፌዴሬሽኑን የሥነ ምግባር ደንብ መጣስ ነው፣ ስለዚህ አቤቱታችሁን የሚሰማ አካል አለ። ቼኩ ከተጻፈ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ ግን በጣም ከባድ ነው። የመጨረሻው ዙር ሳይጀመር ሂዱ።