አደይን በነሐሴ ማወቅ

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ሽበት ያበቀላችሁ ተማሪዎቼ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ አደረሳችሁ።

ስለ አዲስ ዓመት ተስፋ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። ተስፋውን የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ እኔ ስለ አደይ አበባ ልናገር። ታውቁኛላችሁ፤ ከባዮሎጂ ሌላ አይሆንልኝም።

መድረኩ ላይ የተደረደረውን አበባ አያችሁት? ፕላስቲክ ነው። ጠዋት ስገባ ነክቼ አረጋግጫለሁ። ፕላስቲክነቱን ልለፈው። ግን አደይም አይደለም! ቅጠሉ ሰፊና ድፍን ነው። የሠራው ሰው አደይ አይቶ አያውቅ ይሆናል። የገዛነው እኛስ?

ጊንጪ አካባቢ የሄድንበትን የመስክ ጉዞ የምታስታውሱ አላችሁ። የመስከረም መጨረሻ ነበር፤ ሜዳው ሁሉ ቢጫ። «ሂዱና አደይ ይዛችሁልኝ ኑ» አልኳችሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እቅፍ እቅፍ አድርጋችሁ መጣችሁ። ሣሩ ላይ ተቀምጬ መለየት ጀመርኩ። አብዛኛው «መች» የሚባለው አደይ የሚመስል የዱር አበባ ነው። ሁለተኛው ክምር ደግሞ ኑግ! አደይ አንድ ጭብጥ አትሞላም። ኑጉ ከየት እንደመጣ ልጠይቅ ስል ባለቤቱ ዱላውን ይዘው ደረሱ። «መምህር፣ ልጆችዎ የዓመት ዘይቴን እኮ ነው የነቀሉት!» አሉኝ። ምን እላለሁ? አበባ መስሏቸው ነው ልበል? (ማን እንደነቀለው አውቃለሁ። ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።)

ይቅርታ ጠየቅን፣ ዳቦና ሻይ አቀረብን፣ ሰውዬው ቀስ በቀስ በረዱ። ከዚያ ክምሮቹን አዩና ሳቁ። እኔ አጉሊ መነጽሬን አበባው ላይ ደግኜ ነበር። እሳቸው አበባውን ዞር ብለውም አላዩት። ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና «ይሄ መች፤ ይሄ የኔ ኑግ፤ ይቺ አደይ» ብለው ጨረሱት። አንዱንም አልተሳሳቱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቅጠሉ ነው የማስተምረው።

የአደይ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል ቀጭን ቀጭን ሆኖ የተተለተለ ነው። የመች ቅጠል ድፍን ነው፤ አንገት የለውም፣ ግንዱን እቅፍ አድርጎ ይይዛል፣ ሲነኩት ይሻክራል። ኑግም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ገበሬዎቻችን ከመች አላምደው እንዳገኙት ይታመናል። ስለዚህ አበባቸው ቢመሳሰል አይግረማችሁ። ደግሞም አንድ አበባ የምትሉት አንድ አይደለም። መሐሉ ላይ የታጨቁት ጥቃቅኖቹ እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፤ ዳር ላይ እንደ ቅጠል የተዘረጉት ቢጫዎቹም እንደዚያው።

አደይ በሳይንሳዊ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል። ቢደንስ ማለት ሁለት ጥርስ ነው። ማክሮፕቴራ ደግሞ ትልቅ ክንፍ፤ ዘሩ ጠፍጣፋና ባለ ክንፍ ነውና። ጥርሱን ማየት ከፈለጋችሁ ካልሲያችሁ ላይ የሚሰካውን የሰይጣን መርፌ እዩ፤ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። ቢደንስ ፕረስቲናሪያ የሚባለውንም ሕዝቡ አደይ ይለዋል፤ አልተሳሳተም። የእነዚህን ዘመዳሞች ጉዳይ በደንብ ያጠናልን የራሳችን ሰው ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪው መስፍን ታደሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ከላቦራቶሪው ኋላ ያለውን ጥግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከክፍል ስትቀሩ የምትደበቁበት። እዚያ በየዓመቱ አደይ ይበቅል ነበር። ዛሬ የለም። ለምን? በየነሐሴው ግቢው «ይጸዳል»። አደይ በነሐሴ አበባ የለውም፤ አረንጓዴ ተክል ብቻ ነው። ማጭድ የያዘው ልጅ አረም መሰለው፤ ማንም አላሳየውምና አልፈርድበትም። የምፈርደው በእኛ ነው። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው። አብቦ ዘር ሳይጥል ከታጨደ ለከርሞ የሚበቅለው ከየት ይመጣል? እኛ ግን አደይን የምናውቀው ቢጫ ሲሆን ብቻ ነው። በነሐሴ በማጭድ እናጠፋዋለን፣ በጳጉሜን ሱቅ ሄደን ፕላስቲኩን እንገዛለን! በገንዘባችን! ከዚያ መድረክ ላይ ደርድረን ስለ ባህላችን እንናገራለን!

ለተፈጥሮ ክበቡም ሁለት ነገር ላንሳ። አጉሊ መነጽሮቹ ተሰባብረዋል፤ አቅም ያላችሁ አምስት ስድስት ግዙላቸው። የደረቁ ዕፅዋት ስብስባችንንም ምስጥ እየበላው ነው፤ ቁምሳጥን ያስፈልገዋል።

ሰዓቴ አልቋል። ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት ግን ከላቦራቶሪው ኋላ እንሂድ። ዛሬ ጠዋት አጥሩ ሥር አንዲት የተረፈች አግኝቻለሁ። ገና አላበበችም። ዙሪያዋን በገመድ አጥሬያታለሁና እንዳትረግጧት።